ምሳ ያልተሠራበት እሑድ

ቅድስት ያልታጠበ ሰሃን ትታ አትተኛም። ሰሃኑ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የተቀየመችውን ሰው ሳታነጋግር፣ ነጠላዋን ሳትተኩስ፣ ለሰው የገባችውን ቃል ሳትፈጽም ጎኗን አታሳርፍም። ለምን እንዲህ ራስሽን ታደክሚያለሽ ሲሏት፣ «ዛሬ ማታ ቢመጣስ? እንዲህ ተዝረክርኬ ያግኘኝ?» ትላለች። የምትለው ስለ ጌታ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የምሯን ነው። ሌላው ሰው ይመጣል ብሎ በጸሎቱ ይደግመውና ወጥቶ ታክሲ ይጋፋል። እሷ ግን ታክሲ ስትጋፋም ትጠብቀዋለች።

ኡራኤል አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። አለቃዋ ሰመረ አመሏን ስለሚያውቅ አንዳንዴ ይነካካታል።

«ቅድስት፣ ፋይሎቹ ለሰኞ ይደርሳሉ?»

«ጌታ ካልመጣ ይደርሳሉ።»

«ኧረ ከመጣማ ኦዲተሩም አብሮ ይቀርልናል!»

ቢሮው በሳቅ ይሞላል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ኩርፊያ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም። ያላት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤትና እትዬ ዘይነባ ናቸው።

እትዬ ዘይነባ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤቷ ናቸው። እናቷ ስትሞት ቅድስት ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዘመድ ለቅሶውን ጨርሶ ሲበተን፣ እኚህ ከወሎ የመጡ ሴት ማንንም ሳያማክሩ የልጅቱን ፍራሽ ተሸክመው ወደ ቤታቸው አስገቡት። ያኔ የራሳቸው ልጅ ዓብዱልሀኪም ገና አልተወለደም። ጾም ሲገባ የቅድስት ምግብ የሚሠራበት ድስት ለብቻው ገዙላት፤ ያ ድስት ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ጠዋት ደወል ሲሰሙ፣ «ተነሺ እንጂ፣ ቤተ ክርስቲያንሽ ጠራ!» ብለው የሚቀሰቅሷትም እሳቸው ነበሩ። ስለ ጌታ መምጣት ስታወራላቸው፣ «እኛስ ዒሳን አንጠብቅም እንዴ? ያን ቀን አብረን ወጥተን እናየዋለን» ይሏታል። ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ቅድስት አታውቅም። ብቻ ያን ቀን ያለ እትዬ ዘይነባ ልታስበው ሞክራ አልሆነላትም።

ባለፈው ክረምት እትዬ ዘይነባን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸው ተሰባበረ። ዓብዱልሀኪም ወሎ ሰፈር የስልክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ሥራውን ተካፈሉት። ጠዋትና ማታ የቅድስት ነው፤ በሥራ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ልጃቸው እየበረረ ይመጣል። እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ቀኑ በሙሉ የቅድስት ነው። ታገላብጣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ አጥሚት በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች፣ የደም ግፊት ኪኒናቸውን አድቅቃ ትሰጣቸዋለች። ሐኪሙ ግን ከሁሉ በላይ አጥብቆ የነገራቸው ሌላ ነበር። «ትራስ ተደግፈው ነው መቀመጥ ያለባቸው። ተንሸራተው በጀርባቸው ከተዘረጉ በገዛ ምራቃቸው ሊታነቁ ይችላሉ። እየመጣችሁ እዩአቸው» ብሏል። በሩ ደግሞ ከውጭ ይቆለፋል፤ ምክንያቱም ልክ እንደታመሙ ሰሞን አንድ ሌባ በጠራራ ፀሐይ ገብቶ፣ ሴትዮዋ ዓይናቸው እያየ፣ ቴሌቪዥኑን ነቅሎ ወጥቷል። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቅድስትና ዓብዱልሀኪም።

እንግዲህ እኚህን ሴት ነው ሰብሊ «ተያቸው» ያለቻት።

ሰብሊ የቅድስት የጽዋ ማኅበር ጓደኛ ናት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ እንዲያውም እንባዋ ቅርብ ነው። ተወልዳ ያደገችበት የካዛንቺስ ቤቷ ሲፈርስ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ የምታየው ነገር ሁሉ የዓለም መጨረሻ ምልክት እየሆነ ይታያት ጀመር። በዚህ መሀል ከአቃቂ ማዶ አንድ ተራራ ላይ በቆርቆሮና በላስቲክ የጸሎት ስፍራ የሠሩ፣ «አባ» የሚባሉ ሰው አገኘች። የትኛው ገዳም እንደነበሩ፣ ማን እንዳመነኮሳቸው የጠየቀ የለም። አባ ራእይ አይተዋል ተባለ። ጌታ በዚህ ዓመት ደብረ ዘይት እሑድ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ይመጣል። ደብረ ዘይት የዐቢይ ጾም እኩሌታ ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ስለ ዳግም ምጽአት የሚሰበክበት እሑድ።

«ከዚህ ሌላ በምን ቀን ሊመጣ ኖሯል?» አለች ሰብሊ በስልክ። «አውቶቡሱ እሑድ ንጋት ላይ ይነሣል። ስምሽን አስይዤልሻለሁ።»

«እትዬ ዘይነባን ማን ይይዝልኛል?»

«አየሽ? ይኸው ማሰሪያሽ! ያን ቀን ጣሪያ ላይ ያለ ዕቃዬን ብሎ አይወርድም፤ አንቺ ስለ አጥሚት ታወሪያለሽ። ዕድሜሽን ሙሉ ጠብቀሽው፣ ሲመጣ ወጥ እያማሰልሽ ያግኝሽ? በቃ፣ ምረጪ። ደግሞ ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ ማለቴ ለልጁም ቢሆን። አባ አደራ ብለዋል።»

ቅድስት ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የንስሐ አባቷ ቀኑን ማንም አያውቅም እያሉ ስንት ጊዜ አስተምረዋታል። ታውቃለች። ለዚህም ነው ያን ሳምንት በቂርቆስ በር ስታልፍ በሩቁ ተሳልማ፣ እሳቸው እንዳያዩዋት በጥድፊያ የሄደችው። ግን እስቲ ፍረዱ፤ ዕድሜ ልካችሁን የጠበቃችሁትን ሰው እሑድ ይመጣል ቢሏችሁ፣ ውሸት ነው ብሎ ቤት መቀመጥ ቀላል ነው? ከመጣስ? እሷ ብቻ ቀርታስ?

ቅዳሜ ማታ ዓብዱልሀኪም እናቱን ሊያይ መጣ። ረመዳን ስለነበር አፍጥሮ ነው የመጣው፤ ፊቱ ደክሟል።

«ቅዱ፣ ነገ ዕቃ ላመጣ አዳማ እሄዳለሁ። ለማፍጠሪያ እደርሳለሁ። እማን ቁርስ አብልተሻት ቅዳሴ ሂጂ፤ እስክትመለሺ ይበቃታል አይደል?»

«ይበቃቸዋል» አለች ቅድስት።

ይህቺ አንዲት ቃል ነች። ብላው የእትዬን ትራስ ማስተካከል ያዘች። ዓብዱልሀኪም አመስግኗት፣ የእናቱን ግንባር ስሞ ሄደ።

ቅዳሜ ማታ ቅድስት ሁልጊዜ የእትዬ ዘይነባን የእሑድ ምሳ ትሠራለች፤ ድንችና ካሮት ቀቅላ፣ ፈጭታ፣ ሾርባ ታደርግላቸዋለች። የዚያን ማታም ካሮቱን መላጥ ጀምራ ነበር። አንዱን ልጣ እጇ ቆመ። ለነገ ምሳ? ነገ ምን ምሳ አለ? ካሮቱን መልሳ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። አሁን ይህን የሚሰማ ሰው ጨካኝ ሊላት ይችላል። አይደለችም። ከልቧ አምናለች። በእኩለ ቀን ሁሉም ነገር ያበቃል፤ እትዬ ዘይነባ ከአልጋቸው ብድግ ይላሉ፤ ቀኝ እጃቸው ይዘረጋል፤ ምላሳቸው ይፈታል። ለዳነ ሰው ማን ሾርባ በማንኪያ ያጠጣል? ይህን እያሰበች ደስ ብሏት አለቀሰች። ከዚያ የቀረውን ሰሃን አጥባ ተኛች።

ጎህ ሲቀድ አጥሚቱን አበላቻቸው፤ አጥባ አለባበሰቻቸው፤ ትራሶቹን ከኋላቸው ደረደረች።

«ዛሬ... ቸኮልሽ» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ቶሎ እመጣለሁ» አለች፤ ዓይናቸውን ሳታይ።

በሩን ቆልፋ ስትወጣ ከቂርቆስ የቅዳሴው ድምፅ በማይክሮፎን ይሰማ ነበር። ወደዚያ መሄድ ሲገባት ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ተራራው ሥር ሲደርሱ አንድ ወጣት ማዳበሪያ ዘርግቶ ጠበቃቸው። ስልክ፣ ቦርሳ፣ ሰዓት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ገባ። «ከዚህ ወዲያ የሚያስፈልገን የለም» አለ ወጣቱ። ቅድስትም ያላትን ጨመረች፤ የቀራት ኪሷ ውስጥ የነበረው የእትዬ ዘይነባ በር ቁልፍ ብቻ ነው። ጫማቸውን አውልቀው ወጡ። ላይ የጠበቃቸው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ አንዱ ይሰግዳል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ልጇን አቅፋ ሰማይ ሰማይ ታያለች። አባ በነጭ ተጠቅልለው ድንጋይ ላይ ቆመዋል። ቅድስት መጀመሪያ ላይ ሰውነቷ ሁሉ ቀለላት። ተንበርክካ፣ «ቶሎ ና፣ ቶሎ ና» አለች፤ ይህ ከልጅነቷ ጀምሮ የማይለያት ጸሎቷ ነው።

ፀሐይዋ ወጣች፣ ወጣች፣ አናት ላይ ደረሰች። እልልታው፣ ልቅሶው፣ «እግዚኦ»ው ተራራውን ሞላው። ቅድስት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። ጥላዋ ከእግሯ ሥር ገብቶ ጠፋ። ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጥ ጥላዋ በሌላው በኩል ብቅ ብሏል።

አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሰብሊ፣ «ትንሽ ነው፣ አሁን ነው» እያለች ሰማዩን ታያለች። በዚህ መሀል ከቆርቆሮው ቤት በኩል አንድ ሽታ መጣ፤ ትኩስ ዳቦ ነው። የአባ አገልጋዮች በትልልቅ ሰፌድ የተቆራረጠ ዳቦ ይዘው ወጡ፤ ከኋላቸው ሌሎች በባልዲ ሽምብራ አሹቅ ተሸክመዋል። አባም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስለ ኃጢአታችን ዘግይቶብናል። እስከ መጪው እሑድ፣ እስከ ገብርኄር፣ ሱባኤ እንይዛለን፤ ማንም ከዚህ እንዳይወርድ» አሉ።

ቅድስት ግን የሰማችው ይህን አይደለም። ዓይኗ ዳቦው ላይ ቀርቷል። ሊጡ መቼ ተቦካ? ትናንት ነዋ! እነዚህ ሰዎች ዛሬ ከሰዓት የለም እያሉ ለከሰዓት ዳቦ ጋግረዋል። እሷ ግን ካሮቱን ወደ ቅርጫት መለሰች። እትዬ ዘይነባ ከንጋት ጀምረው ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው አዳማ ነው። በሩ ተቆልፏል።

«ጌታዬ፣ ምን አደረግኩ!» አለች ጮክ ብላ።

ተነሥታ ቁልቁል መሄድ ስትጀምር ሰብሊ ሮጣ ነጠላዋን ያዘቻት።

«የት ነው? አብደሻል? አባ የተናገሩትን አልሰማሽም?»

«እትዬ ዘይነባ ላይ ቆልፌ ነው የመጣሁት።»

«እግዚአብሔር አለላቸው! አንቺ ጸልዪላቸው።»

«እኔን ነው ያዘዘላቸው፤ እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ።»

«ቅድስት፣ ስሚኝ። ወደ ኋላ ያየች ሴት ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ። ብትሄጂና አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ቢመጣስ?»

ፍርሃቱ እውነት ነበር፤ ቅድስትን እስከ አጥንቷ አንቀጠቀጣት። ከሰማይ በታች የምትፈራው ነገር ቢኖር ያንን ነው፤ ሲመጣ ጀርባዋን ሰጥታ መገኘትን። ነጠላዋን ግን ከሰብሊ እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች።

«እንግዲህ መንገድ ላይ ያግኘኝ» አለች። «ሲመጣ የሚጠይቀኝ ስለ ሴትዮዋ ነው፤ ስለዚህ ተራራ አይመስለኝም።»

ሰብሊ አለቀሰች። ቅድስት ዞራ አላየቻትም።

ማዳበሪያውን የያዘው ወጣት ስልኳን አልሰጥም አለ። «ሱባኤው ሲያልቅ፣ በቃ» ነው መልሱ። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ጮኸችበት። እሱ ደግሞ ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠበት። ከዚህ ጋር ስትጨቃጨቅ ጊዜ እየሄደ ነው፤ ተወችው። ጫማዋን ከክምሩ ውስጥ መፈለግም አልታሰባትም፤ ባዶ እግሯን ኮረኮንቹን ቁልቁል ወረደች።

በዚያ መንገድ ላይ ያሰበችውን ለማንም አይስጥ። ትራሱን ከግድግዳው ጋር አስጠግቼዋለሁ? ወይስ በችኮላ እንዲሁ ነው ያስደገፍኳቸው? ልታስታውስ ሞከረች፤ እጇ ትራሱን ሲይዝ ይታያታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው። ሲንሸራተቱ ታዩዋት። አፋቸውን ከፍተው አየር ሲፈልጉ ታዩዋት። ውኃው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ደግሞ በቀኝ በኩል፣ በማይታዘዘው እጃቸው በኩል። ይህን ያደረገችው ራሷ ናት። እግሯ ደምቷል፤ አላወቀችም። ስትሮጥ አፏ እንደ ልማዱ «ቶሎ ና» ሊል ጀመረና ያዘችው። ቶሎ ቢመጣ እትዬ ዘይነባ እንደተቆለፈባቸው ነው። እንዲህ ሆና እንዴት ነው ፊቱ የምትቆመው?

«ቆይ» አለች። «እባክህ ጌታዬ፣ ቆይልኝ። እስክደርስ ቆይልኝ።»

እንዲህ ብላ ጸልያ አታውቅም። ያሳፈራትም ያስለቀሳትም እሱ ነው፤ ግን አላቆመችም፤ አስፋልቱ ጋ እስክትደርስ ድረስ «ቆይልኝ» እያለች ሮጠች።

ጥቅል ጎመን የጫነ አይሱዙ ቆመላት። ሹፌሩ ደጋጋ የሚባል ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ባዶ እግሯንና ፊቷን አይቶ፣ «ምነው እህቴ፣ ማን አባረረሽ?» አላት።

«ቂርቆስ አድርሰኝ። የታመመች ሴት ላይ በር ቆልፌ መጥቻለሁ።»

ደጋጋ ሌላ አልጠየቀም። ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። «በይ ደውዪ፤ ጎረቤት በሩን ይስበር።»

ቅድስት ስልኩን ይዛ ቀረች። የማንን ቁጥር? የዓብዱልሀኪም ቁጥር ስልኳ ውስጥ ነው፤ የጎረቤቱም፣ የአለቃዋም። በቃሏ የምታውቀው አንድም የለም። ዜሮ ዘጠኝ ብላ ጀመረችና ጣቷ ቆመ። ስልኩን መልሳ ሰጠችው።

«አይዞሽ፤ እኔም የሚስቴን አላውቀውም» አለና ነዳው። ሌላ ቀን ቢሆን ያሥቃት ነበር። ቃሊቲ ላይ ክላክስ እያንጫረረ አለፈ። ሳሪስ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ፤ አንድ አውቶቡስ ተበላሽቶ መሀል መንገድ ቆሟል። ደጋጋ ራሱን በመስኮት አውጥቶ ዓለምን ሁሉ ተሳደበ። ቅድስት እጇን ቁልፉ ላይ ጭብጥ አድርጋ የመኪኖቹን ጀርባ ታያለች። ፀሐዩ እየዞረ ነው። መኪና ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም፤ «ወርጄ ልሩጥ» አለችው። «ተቀመጪ! በእግርሽ ከእኔ ትቀድሚያለሽ?» አላት። ጎተራን አልፎ እስከ ሰፈሯ መግቢያ ድረስ ወሰዳት፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ አይሱዙ አያስገባም። ምስጋና እንኳ ሳትለው ወርዳ ሮጠች።

ጎረቤታቸው ጅብሪል ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሟል። የሱቁ የኋላ ግድግዳ የእትዬ ዘይነባ ክፍል ግድግዳ ነው።

«ቅዱ፣ የት ጠፋሽ? እማማ ዘይነባ ዛሬ ድምፃቸውም አልተሰማ። ሰላም ናቸው?»

አልፋው ገባች። ቁልፉ ቀዳዳውን አልገባ አላት። በሁለት እጇ ይዛ ከፈተችው።

አልጋው ባዶ ነው።

ትራሶቹ ተዝረክርከዋል፤ ብርድ ልብሱ ግማሹ መሬት ላይ ነው። እትዬ ዘይነባ ከአልጋው ሥር ሲሚንቶው ላይ በቀኝ ጎናቸው ወድቀዋል፤ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ አይንቀሳቀሱም። ቅድስት ቆማ ቀረች። አንድ እርምጃ መራመድ አቃታት። ሞቱ፣ ገደልኳቸው፣ አለች በሆዷ።

«ማነው?» አለ ከወለሉ የደከመ ድምፅ።

ቅድስት መሬት ላይ ወደቀች። አቀፈቻቸው፤ አነሣቻቸው፤ የት ኃይል እንዳገኘች እንጃ፣ እንደ ሕፃን ተሸክማ አልጋው ላይ አወጣቻቸው። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ግንባራቸው ላይ እብጠት ወጥቷል፤ ልብሳቸው ርሷል። ውኃ በማንኪያ፣ በትንሽ በትንሹ፣ አጠጣቻቸው። እያጠበቻቸው፣ እያለበሰቻቸው፣ «ይቅር ይበሉኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። እሳቸው ትንፋሻቸው መለስ ሲል ቃል በቃል እየለቀሙ ነገሯት። ተንሸራተቱ፤ ጉሮሯቸው ተዘጋ፤ ደህናውን ግራ እጃቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ከአልጋው ወረወሩ። በጎን ሲወድቁ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ከዚያ እዚያው ተኝተው ዋሉ።

ቅድስት ማንኪያውን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ጅብሪል እኮ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ነው። በግራ እጅዎ ቢደበድቡት ይሰማ ነበር።»

«አውቃለሁ... ሬዲዮ ሲከፍት... እሰማዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ? ሊሞቱ ነበር እኮ!»

እትዬ ዘይነባ ቃላቱን አንድ በአንድ መፈለግ ነበረባቸው።

«ብመታ... በሩን ይሰብሩታል። ሰፈሩ... ይሰበሰባል። ቅድስት... ቆልፋባት... ጠፋች ይላሉ። ስምሽ...»

የቀረውን በእጃቸው ምልክት ጨረሱት። ቅድስት ፊቷን በጭናቸው ላይ ደፍታ እንደ ልጅነቷ እየጮኸች አለቀሰች፤ እሳቸው ፀጉሯን እየነካኩ፣ «በቃ... በቃ» ይሏታል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓብዱልሀኪም ቴምርና ሳምቡሳ በፌስታል ይዞ ገባ። ሰላምታውን ሳይጨርስ የእናቱን ግንባር አየ።

«እማ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ወደቅኩ... ትንሽ ነው» አሉ እትዬ ዘይነባ ፈጠን ብለው። «ቅዱ... ውኃ ልትቀዳ... ወጣ ስትል...»

«አይደለም» አለች ቅድስት። ተነሥታ ቆመች። «ከንጋት ጀምሮ ብቻቸውን ነበሩ። ቅዳሴም አልሄድኩ። ጌታ ዛሬ እኩለ ቀን ይመጣል ብለውኝ ተራራ ላይ ልጠብቀው ሄድኩ። ይመጣል ብዬ ምሳቸውንም አልሠራሁም። ወድቀው ነው ያገኘኋቸው። ትናንት ይበቃቸዋል ያልኩህም ውሸቴን ነው።»

ዓብዱልሀኪም ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። ባዶ እግሯን፣ የደረቀውን ደም አየ፤ ከዚያ ፊቷን አየ። የራሱ ፊት ተለዋወጠ።

«ቆልፈሽባት ነው የሄድሽው?» አለ። «ቀኑን ሙሉ? እናቴ ላይ?»

«አዎ።»

«ብትሞትስ? ቅዱ፣ ብትሞት ኖሮስ?»

ቅድስት ራሷን ዝቅ አድርጋ የሚመጣውን ጠበቀች። ዓብዱልሀኪም ወደ በሩ እጁን ዘርግቶ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ እትዬ ዘይነባ በግራ እጃቸው የቅድስትን ቀሚስ ጨብጠው ወደ አልጋቸው ሳቧት።

«ውሸቷን ነው!» አሉ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሳይሰባበር የወጣላቸው ንግግር አልነበረም። «የትም አልሄደችም። እዚሁ ነበረች።»

ልጃቸው ደንግጦ አያቸው።

«እማ! በረመዳን?»

«በረመዳንም ቢሆን» አሉ እትዬ ዘይነባ፣ ቀሚሷን ሳይለቁ።